የተማተበበት ስንዴ

አንድ የንግድ ትምህርት ቤት ነበረ። የተሠራው በአንድ ትልቅ የገበያ ከተማ መውጫ ላይ ነው። ተማሪዎቹ መግዛትንና መሸጥን፣ ዕቃ ማቆየትን፣ ከደንበኛ ጋር መነጋገርን ይማሩበት ነበር። ከትምህርቶቹ ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ግን የመምህርት የሺመቤትን ነበር። እሳቸው የሚያስተምሩት ሐሳብን በሥዕልና በምልክት ማስተላለፍን ነው።

በመጀመሪያው ቀን መምህርት የሺመቤት ክፍል ገብተው እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦

«ደጃፍ ላይ፣ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ስታዩ ምን ይላችኋል?»

«ጠላ አለ ይለናል!» አሉ ተማሪዎቹ ባንድ ድምፅ።

«ጣሳው አፍ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲህ ጎበዝ ነጋዴ ማለት አፍ የሌለውን ነገር የሚያናግር ሰው ነው።»

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «መምህር፣ እኔን ግን ጣሳው ‹ጠላ አለ› አይለኝም። ‹ምን ቆመህ ታያለህ? ግባ እንጂ!› ነው የሚለኝ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። መምህርቷም ሳቁ። ከዚያ ግን ፊታቸውን አኮሳትረው እንዲህ አሉ፦

«ቀልድ አይደለም። አንድ ጣሳ ለሁለት ሰው ሁለት ነገር ተናገረ። የእኛ ሥራ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ሕግ አለኝ። ማንኛውም ምልክት ከዚህ ግቢ ከመውጣቱ በፊት ፊደል ላልቆጠረ ሰው ይታያል። አሳዩት፣ ዝም በሉ፣ የሚለውን ስሙ። እናንተ ካስረዳችሁት ምልክቱ አልተናገረም፤ የተናገራችሁት እናንተ ናችሁ።»

ተማሪዎቹ ይህንን በደብተራቸው ጻፉ። ከሁሉም አሳምሮ የጻፈው ኢዮስያስ የሚባለው ተማሪ ነበር። ኢዮስያስ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ፣ እጁ ለሥዕል የተፈጠረ ልጅ ነው።

በሰኔ ወር ጋሽ ገበየሁ የሚባሉ ዘር ነጋዴ ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሻሹ በመምህርቷ ፊት ቆሙ።

«መምህርት፣ ጭንቅ ይዤ መጣሁ» አሉ። «አርባ ጆንያ የዘር ስንዴ አለኝ። ነቀዝ እንዳይበላው በመርዝ ተለውሷል። ቢዘሩት ያበቅላል፤ ቢበሉት ይገድላል። ቢታጠብ አይለቅም፣ ቢቀቀል አይለቅም። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። የሚሄደው ከወንዙ ማዶ ወዳለው ደጋ ነው። እዚያ ፊደል የሚያውቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል።»

«ዘር መሆኑን አያውቁም?» አሉ መምህርቷ።

«ያውቃሉ እንጂ! ግን ጊዜው ሰኔ ነው። ጎተራው ባዶ ነው። በክፉ ቀን ዘርም ይበላል፣ እትዬ። ስለዚህ ጆንያው ራሱ ‹አትብሉኝ› ብሎ የሚጮህ ምልክት ይሥሩልኝ። ምልክቱን አሳምሮ የሠራውን ልጅ ከእኔ ጋር አሠራዋለሁ።»

መምህርቷ ይህንን ለክፍሉ ፈተና አድርገው ሰጡ። ሦስት ቀን ጊዜ ነበራቸው። በሦስተኛው ቀን ሥዕሎቹ በግድግዳው ላይ ተሰቀሉ። አንዱ ተማሪ የራስ ቅል ሥሎ ነበር፤ እጁ ግን አልረዳውም።

«ይሄ ምንድን ነው? ዱባ ነው?» አለ አንዱ።

«የሞተ ሰው ነው!»

«ዱባ በልቶ ነዋ የሞተው!»

ልጁ ሥዕሉን ከግድግዳው ላይ ነቅሎ አጣጠፈው። የኢዮስያስ ተራ ሲደርስ ግን ሁሉም ዝም አሉ። እሱ የሣለው በስንዴ የተሞላ ነጭ ሳህን ነበር። በሳህኑ ላይ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ሁለት ወፍራም ቀይ መስመሮች ተጠላልፈዋል። ሌላ ምንም የለበትም። ንጹሕ ነው፣ ከሩቅ ይታያል። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ጋሽ ገበየሁም ባርኔጣቸውን ጭነው «ይሄማ ዓይን ለሌለውም ይታያል!» አሉ።

መምህርቷ ኢዮስያስን ጠየቁት፦ «ለማን አሳየኸው?»

«ለአባ ደግፌ።» አባ ደግፌ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም።

«ምን አሉ?»

«ገብቷቸዋል።»

መምህርቷ ሰዓታቸውን አዩ። ጋሽ ገበየሁ በር ላይ ቆመው እየጠበቁ ነው፤ ዝናቡ ሳይበረታ ዘሩ መድረስ አለበት። መምህርቷ ከሥዕሉ ግርጌ ፈረሙ። የሥዕሉ ቅርጽ በቆርቆሮ ላይ ተቆርጦ ወጣ። በቆርቆሮው ላይ ቀለም እየተቀባ በአርባው ጆንያ ሁሉ ታተመ። ሐሙስ ማለዳ የጋሽ ገበየሁ መኪና ጆንያዎቹን እስከ ወንዙ አደረሰ፤ ከዚያ በበቅሎ ተጭነው ተሻገሩ።

ዓርብ ማለዳ መምህርት የሺመቤት በትምህርት ቤቱ በር ሲገቡ አባ ደግፌ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጅ ነሱ።

«እትዬ የሺመቤት፣ ያ ኢዮስያስ የሚሉት ልጅ እንዴት ያለ ቡሩክ ልጅ ነው! በዛሬ ጊዜ እህል ላይ ማማተብ ማን ያውቃል?»

መምህርቷ ቆሙ። «ምን አሉኝ፣ አባ ደግፌ?»

«ገበታው ላይ አማትቦበት የለም እንዴ? በቀይ፣ አምሮበት! እናቴም ነፍሷን ይማርና ሊጡ ላይ ሳታማትብ አትጋግርም ነበር።»

«እና ምልክቱ ምን ይልዎታል?»

«‹ብሉ፣ የተባረከ ነው› ይላል እንጂ ሌላ ምን ይላል?»

የመምህርቷ ቦርሳ ከትከሻቸው ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። አላነሡትም።

«ይህንን ለኢዮስያስ ነግረውታል?»

«መች ጠየቀኝ! ‹አባ፣ ይሄ መርዝ ነው፣ አትብሉ ማለት ነው፤ ገባዎት አይደል?› አለኝ። ‹አዎ ልጄ፣ ገባኝ› አልኩት።»

«ሳይገባዎት?»

አባ ደግፌ ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ አዛወሩ። «ታዲያ ምን ልበል፣ እትዬ? ፊቱ እንዲያ በርቶ! ስንት ቀን የለፋበትን ነገር! እኔ ያልተማርኩት ሰውዬ ‹አልገባኝም› ብዬ የተማረ ልጅ ላሳፍር? ለሚቀበሉት ሰዎች ደግሞ ነገሩ በትክክል ሳይነገራቸው አይላክም ብዬ አሰብኩ።»

መምህርቷ ወደ ክፍሉ ሮጡ። ሲሮጡ አይቷቸው የሚያውቅ ተማሪ አልነበረም። ኢዮስያስን ወደ ውጭ ጠሩትና የሰሙትን ነገሩት። እሱ መጀመሪያ ሳቀ።

«መምህር፣ ኤክስ እኮ ነው! ኤክስ ማለት ስሕተት ማለት ነው፣ አይቻልም ማለት ነው። ማንም ያውቀዋል!»

«ማንም አይደለም» አሉ መምህርቷ። «ኤክስ ስሕተት መሆኑን የሚያውቀው ደብተሩን መምህር ያረመለት ሰው ብቻ ነው። ደብተር ይዞ ለማያውቅ ሰው ግን መስቀል ነው። በገበታ ላይ ያለ መስቀል ደግሞ ምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።»

የኢዮስያስ ሳቅ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ያውቃል። በቤታቸው እናቱ ምግብ በቀረበ ቁጥር በእጃቸው እንዲያ ያደርጉ ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ «ስንዴው ትናንት ደርሷል» አለ።

ጋሽ ገበየሁ ይህንን ሲሰሙ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። «እኔስ ብሆን! ምልክት እያለው ምን አስለፈለፈኝ ብዬ አፌን ዘጋሁ! ለጫኞቹ ‹ምልክቱን አሳዩአቸው› ብቻ ነው ያልኳቸው። አሳይተዋቸዋል ማለት ነው!» በዚያ አገር ስልክ አይሠራም ነበር። ሦስቱም ወደ መኪናው ገቡ።

መንገዱ ጭቃ ነበር። መኪናው በየመታጠፊያው ይንሸራተታል። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ውሃው ሞልቶ መኪና የማያሳልፍ ሆኖ ነበር። እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እስከ ወገባቸው እየገቡ ተሻገሩ። ከዚያ አቀበቱን በእግር ጀመሩት። ኢዮስያስ ሽቅብ እያየ ከጎጆዎቹ ጣሪያ የሚወጣውን ጭስ ይቆጥር ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ‹ጭስ አለ፣ ሰው ቤት ደረስን› ይል ነበር። ዛሬ ግን እያንዳንዱ ጭስ አንድ ድስት ስንዴ ነው።

ከአቀበቱ ግማሽ ላይ ሲደርሱ ለቅሶ ሰሙ። ብዙ ሰው ነው የሚያለቅሰው። ኢዮስያስ ባለበት ቆመ። በዚያን ጊዜ አንድ ገበሬ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ በመንገዱ ወረደ። ጋሽ ገበየሁ ሰላምታ እንኳ ሳያቀርቡ «ማን ነው የሞተው?» አሉት።

«አባ ወልዱ ናቸው፤ የእማማ ትርንጎ ባለቤት። በዕድሜ ነው፣ ዘጠና አልፏቸው ነበር።»

«መቼ?»

«ረቡዕ ቀበርናቸው። ዛሬ ሣልስት ነው።»

ረቡዕ! ስንዴው የመጣው ሐሙስ ነው። ኢዮስያስ በረጅሙ ተነፈሰ። በሰው ሞት ደስ እንዳለው ሲገባው አፈረ። ሰውዬው ግን ንግግሩን አልጨረሰም።

«ኑ፣ እናንተም ንፍሮ ቅመሱ። እግዚአብሔር የባለሟሉን ለቅሶ አልተወም። ለቀስተኛው ምን ይቅመስ ብለን ስንጨነቅ ትናንት የተማተበበት ስንዴ መጣልን። ሌላውን ለዘር አስቀምጠን አንዱን ጆንያ ቀቀልነው።»

ሰውዬው ይህንን ሲል ኢዮስያስ ሩጫ ጀምሮ ነበር።

በእማማ ትርንጎ ግቢ መቶ ያህል ሰው ተቀምጧል። ትልቁ የብረት ድስት ከእሳት ወርዷል። የተቀቀለው ስንዴ ተጠንፍፎ በየሰፌዱ ተሰፍሯል፤ በሰዎቹ መካከል ተቀምጦ ይጨሳል። ማንም ገና አልጀመረም፤ ካህኑ ቆመው ጸሎት እያደረሱ ነው። ሕዝቡ ከእሳቸው ጋር አቡነ ዘበሰማያት እየደገመ ነው። ኢዮስያስ ጸሎቱን ያውቀዋል። ‹አሜን› ለማለት ስንት ቃል እንደቀረም ያውቃል። አንድ ሕፃን እጁን ወደ ሰፌዱ ሲሰድድ እናቱ እጁን መታ አደረገችውና በዓይኗ ‹ቆይ› አለችው።

«አትብሉ!» ብሎ ጮኸ ኢዮስያስ። «መርዝ ነው! አትብሉ!»

ጸሎቱ ተቋረጠ። መቶ ፊት ወደ እሱ ዞረ። እስከ ወገቡ ርሶ፣ እስከ ጉልበቱ ጨቅይቶ፣ በሰው ሣልስት ላይ በጸሎት መሐል የሚጮህ የከተማ ልጅ ነው ያዩት። ከዚያ ከኋላው ጋሽ ገበየሁ እያለከለኩ ደረሱ። በዚህ ጊዜ ጥላዬ የሚባል ጎልማሳ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«አሃ! ነጋዴው መጣ!» አለ። «ምነው ጋሼ፣ ዋጋው ጨመረ እንዴ? ትናንት ዘር ነበረ፤ ዛሬ መርዝ ሆነ?»

«ልጆቼን ይንሳኝ፣ መርዝ ነው!» አሉ ጋሽ ገበየሁ።

«ነጋዴ ሲምል ኪስህን ጠብቅ ነው የሚባለው!»

አንዳንዱ በለቅሶው መሐል ሳቀ። አንዲት ሴት ደግሞ ወደ ባዶው ጆንያ እየጠቆመች «መስቀሉን አታዩም? መስቀል ያለበትን መርዝ ነው የሚል ምን ዓይነት የተረገመ ልጅ ነው!» አለች።

«መስቀል አይደለም፤ ኤክስ ነው! የሣልኩት እኔ ነኝ፣ ስሕተት ማለት ነው!» አለ ኢዮስያስ። ግን በተናገረ ቁጥር የሰዉ ፊት ይበልጥ ይጠቁር ነበር። ‹ኤክስ› የሚባለውን ነገር ማንም አያውቀውም። ጥላዬ ቁጭ ብሎ ሰፌዱን ወደ ራሱ ሳበና «አባታችን፣ ጸሎቱን ይጨርሱልን፤ ሰው ርቦታል» አለ። ካህኑ እያመነቱ ሊቀጥሉ አፋቸውን ከፈቱ።

መምህርት የሺመቤት ከኢዮስያስ ኋላ ደርሰው ትከሻውን ያዙት። ትንፋሻቸው ተቆራርጧል። በጆሮው እንዲህ አሉት፦

«ማስረዳቱን ተው። ጠይቃቸው።»

ኢዮስያስ ዞር ብሎ አያቸው። ከዚያ ጥቁር ለብሰው በድስቱ አጠገብ ወደተቀመጡት ወደ እማማ ትርንጎ ሄደና በፊታቸው ተንበረከከ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ምንጫችሁ ውስጥ እንስሳ ወድቆ ቢሞት፣ ውሃው እንዳይጠጣ ለሰው ሁሉ በምን ታሳያላችሁ?»

አሮጊቷ ለረጅም ጊዜ አዩት። በአገሩ ሐዘንተኛ ሲናገር ሁሉም ዝም ይላል፤ ካህኑም ዝም አሉ።

«እሾሃሙን ቀጋ እንጥልበታለን» አሉ እማማ ትርንጎ። «ቀጋ የተጣለበትን ሰውም ከብትም አይነካውም። ግን ልጄ፣ ቀጋ የጣለ ሰው ቀጋው ዘንድ ይቀመጣል። ነገሩ እስኪጣራ ውልፍት አይልም። በሐሰት የጣለው እንደሆነ ይህን አገር ዳግም አይረግጥም፤ ስሙም በክፉ ይነሣል። እኛ ዘንድ ቀጋ ጨዋታ አይደለም።»

«እቀመጣለሁ» አለ ኢዮስያስ።

ተነሥቶ ወደ አጥሩ ሄደ። አጥሩ የቀጋ ነበር። ቢላዋ አልነበረውም፤ በባዶ እጁ እየጎተተ ቅርንጫፎቹን ነቀላቸው። ደም በመዳፉ ላይ ወረደ። አንዱን ቅርንጫፍ በድስቱ አፍ ላይ ጋደመው። ሌሎቹን እየሰበረ በየሰፌዱ ላይ ጣለ፤ በአንዱ፣ በሁለተኛው፣ በጥላዬም ሰፌድ ላይ። ከዚያ ተመልሶ በድስቱ አጠገብ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። አንዲት ቃል አልተናገረም።

እጆች ቀስ በቀስ ተሰበሰቡ። ሕፃኑ እንኳ እሾሁን አይቶ እጁን ከኋላው ደበቀ። ሲጮህ ያልሰሙት ሰዎች፣ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ሰሙት።

ጥላዬ ግን «ይጣራ!» አለ። ወደ ቤቱ ሄዶ አንዲት ገብስማ ዶሮ ታቅፎ መጣ። ከንፍሮው አንድ እፍኝ ዘግኖ መሬት ላይ በተነው፤ ዶሮዋንም ለቀቃት። ዶሮዋ ለቀመች። እየለቀመች አንገቷን ቀና ታደርጋለች፣ ሰውን ታያለች፣ እንደገና ትለቅማለች። ስትጨርስ ጭቃውን ጫር ጫር አደረገች። ጥቂት ቆየ። ዶሮዋ ክንፏን አራገበች።

«ወይ መርዝ! ዶሮዬ ወፈረች እኮ!» አለ ጥላዬ። ብዙዎች ሳቁ። አንዱ ከሰፌዱ ላይ ቀጋውን በበትሩ ጫፍ ገፋ አደረገ። እማማ ትርንጎ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት።

ኢዮስያስ ከዶሮዋ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። በሕይወቱ የማንንም ሞት ለምኖ አያውቅም፤ አሁን ግን በልቡ ‹ሙቺ፣ ሙቺ› ይል ነበር። ምናልባት ያ ጆንያ ሳይለወስ ቀርቶ ይሆን? ምናልባት ሲቀቀል መርዙ ደክሞ ይሆን? ዶሮዋ ከዳነች እነዚህ ሰዎች ሁሉ ይበላሉ። ቀስ ብለውም ይሞቱ ይሆናል፤ ዛሬ ማታ፣ ነገ። ጋሽ ገበየሁ ባርኔጣቸውን ጨምቀው ይዘው ቆመዋል። መምህርቷ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ካፊያ ጀመረ። ማንም ከዝናቡ ለመጠለል አልተነሣም።

ዶሮዋ ወደ አጥሩ ሄደች። መንገድ ላይ ቆመች። አንገቷ ወደ አንድ ጎን ተጠመዘዘ። ለመራመድ ሞከረች፤ እግሯ ግን አልሸከም አላት። በጭቃው ላይ በጎኗ ወደቀች፤ ሁለት ጊዜ ተፈራገጠችና በዚያው ቀረች።

የሕፃኑ እናት ልጇን ከመሬት ብድግ አድርጋ ጣቶቹን አንድ በአንድ በቀሚሷ ጠረገች፤ አፉን ከፍታ አየች፤ እንደገና ጠረገች። ጥላዬ ወደ ዶሮዋ ሄዶ ቁልቁል አያት። ከዚያ ወደ ኢዮስያስ ተመለሰ፤ አጠገቡ ቆመ፤ ነጠላውን አውልቆ በትከሻው ላይ ጣለለት።

እማማ ትርንጎ ወደ ኢዮስያስ ቀረብ ብለው ተቀመጡ። እጁን ስበው ከመዳፉ እሾህ መንቀል ጀመሩ። እየነቀሉ ጠየቁት፦

«ልጄ፣ ያንን ምልክት ስትሥል ማንን እያሰብክ ነበር?»

ኢዮስያስ ‹እናንተን› ሊል ፈለገ። ግን ቀጋው ገና አልተነሣም፤ ቀጋው ዘንድ ተቀምጦ መዋሸት አልቻለም።

«መምህሬን» አለ። «መምህሬንና ውጤቴን።»

«እኛንስ?»

«አላውቃችሁም ነበር፣ እማማ።»

አሮጊቷ አንድ እሾህ ነቅለው ጣሉ።

«መንገዱ እኮ የግማሽ ቀን ነው፣ ልጄ» አሉ።

መምህርት የሺመቤት ይህንን ሲሰሙ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለእሱ ብቻ አይንገሩ፣ እማማ» አሉ። «አጣርቼ ሳልጠይቅ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

የተቀቀለው ንፍሮ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ተቀበረ። ጋሽ ገበየሁ ከወንዙ ወዲህ ካለው ገበያ የሚበላ እህል አስጭነው ለለቀስተኛው ላኩ። የቀሩት ሠላሳ ዘጠኝ ጆንያዎች እስኪዘሩ ድረስ በቀጋ ታጥረው ቆዩ፤ የነካቸው ሰው የለም። ኢዮስያስም ዘሩ ተዘርቶ እስኪያልቅ እዚያው አገር ሰነበተ። ከመንደር መንደር እየዞረ ይጠይቅ ነበር፦ እዚህ ‹ተጠንቀቅ› በምን ይባላል? እዚያስ ‹ውሰድ፣ ያንተ ነው› በምን ይታያል? ያዩትን ነገር ሲነግሩት አያቋርጣቸውም።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህን ነው። ምልክትን የምንሠራው በእኛ እጅ ነው፤ የሚነበበው ግን በሌላ ሰው ዓይን ነው። ለእኛ ‹አይቻልም› የሆነው ለሌላው ‹የተባረከ ነው› ሊሆን ይችላል። ሥዕሉ ስላማረ፣ የሚያውቁን ሰዎች ስላጨበጨቡ፣ መልእክታችን ደረሰ ማለት አይደለም። የምንናገረው ለማን እንደሆነ ሳናውቅ ስንናገር፣ የምንናገረው ለራሳችን ነው። አባ ደግፌም ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ልጁን ላለማሳፈር ብለው ነው ‹አዎ› ያሉት። በእኛ አገር ‹ገባህ?› ተብሎ ‹አልገባኝም› ለማለት ትልቅ ድፍረት ይጠይቃል። ስለዚህ ብልህ ሰው ‹ገባህ?› ብሎ አይጠይቅም፤ ‹ምን ታየህ?› ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያም ዝም ብሎ ይሰማል።

አንተስ ወዳጄ፣ አንቺስ እህቴ፣ ትናንት ‹አዎ፣ ገባኝ› ያለህ ሰው እውነት ገብቶት ነበር? ወይስ ፊትህ ስለበራ አዘነልህ?